የዘሃራ ክዳን

ቆቦ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ የጎረቤታችን የእንድሪስ ለቅሶ ተበተነ። ያበሰልነው የመስጊዳችን ጀማዓ በገዛቸው አዳዲስ ድስቶች ነበር። ኮሚቴ የሆነችው የእህቴ ልጅ ሰዓዳ፣ «አክስቴ፣ ከእንግዲህ ድስት ተሸክሞ መምጣት ቀረላችሁ» አለችኝ። «አላህ ይስጣችሁ» አልኳት፤ ወገቤም አመሰገነ።

ግን የድሮው ትዝ ሲለኝ ዋለ። ያኔ ለቅሶ ሲሆን ሁላችንም ድስታችንን ከየቤታችን ይዘን እንሄዳለን። እንዳይጠፋ ጆሮው ላይ ጨርቅ እናስራለን፤ ለክዳኑ ግን ምልክት የሚያደርግለት የለም። ሁሌ የሰው ክዳን ይዘን እንገባና፣ በኋላ የየራሳችንን ፍለጋ ቤት ለቤት እንዞራለን። የሐዘንተኛዋም ቤት በዚሁ ሰበብ ሰው አያጣም ነበር።

ባሌ የሞተ ጊዜ ጎረቤቴ ዘሃራ ክዳኗን ልትፈልግ ስንት ቀን ተመላለሰች! ክዳኑ በሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታየዋለች። አብራኝ አምሽታ፣ «ዛሬም አላገኘሁት፤ ነገ እመጣለሁ» ብላ ትሄዳለች። አላህ ይዘንላት፣ ሳትወስደው ሞተች።

የጀማዓው ድስቶች ከነክዳናቸው የመስጊዱ ዕቃ ቤት ገብተዋል። የእንድሪስ ሚስት ዘንድ ነገ ማን፣ ምን ብሎ ይሄዳል?

የዘሃራን ክዳን አውርጄ አጥቤዋለሁ። «ያንቺ ነው እንዴ?» ብዬ ልሄድ ነው።