ጮክ ብዬ ያነበብኩት ወረቀት

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚያምሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፤ የወገብ ሕመሙና ድካሙ ብቻ ናቸው የማይለቁኝ። ማንበብ መማርሽን አጎታችን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ያልጻፍኩልሽ ሌላ ሰው እንዳያነብልሽ ፈርቼ ነው። አሁን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ጤና ጣቢያውን ዛሬም የማጸዳው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አዲስ አሠራር መጥቷል። ኤች አይ ቪ እንዳይዛቸው መከላከያ ክኒን የሚወስዱት ሰዎች የሚመከሩት በስልክ ነው። መስመሩ ድምፅ ስለሚቆራርጥ፣ ሩቅ ያለችው አማካሪ ጥያቄዋን በጽሑፍ ትልካለች፤ መልስ ሲደርሳት ክኒኑን ታዛለች። ስልክ ያላቸው አልጋቸው ላይ ተጋድመው ይጨርሳሉ። ሲስተርም ለአለቆቿ ለሁሉም ተዳርሷል ብላ ጻፈች። ወለል ስወለውል የማያቸውን፣ ከበር የሚመለሱትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

አንዷ ልብስ አጣቢ ናት። ቤታቸው ያለው ስልክ የባሏ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ውጭ የሚያመሽበትን አይናገርም። ክኒኗን የምትደብቀው ሳሙና መያዣ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ «እትዬ፣ በባሌ ስልክ ከሚጠይቁኝ በጡሩምባ ቢለፍፉት ይሻለኛል» ብላ አሳቀችኝ። የቀራት የአሥራ አንድ ቀን ክኒን መሆኑን ስትነግረኝ ሳቄ ጠፋ።

ዝምተኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን ግን ሲስተርን፣ መድኃኒቱ የሚታደለው ለስልክ ነው ወይስ ለሰው ብዬ ጠየቅኳት። ተቆጣች፤ ቆይታ አፈረች። በማግስቱ የዕቃ ክፍሏን አስለቅቃ፣ የጤና ጣቢያውን ስልክ አስቀምጣ፣ ስልክ የሌላቸው ሐሙስ ሐሙስ ይምጡ አለች። ፊደል ላልቆጠሩት ማን ያንብብ ሲባል ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታነቢ የለም እንዴ?»

ያን እንዳነብልሽ የሰጠሽኝን የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ወረቀት አስታወስኩ። ከማስታወቂያና ከሳሙና መጠቅለያ የለቀምኩትን ፊደል ላሳይሽ ቸኩዬ፣ ግቢው መሃል፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ፣ እንደ አዋጅ አነበብኩት። ያኔ ጮክ ካላልኩ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ትርጉሙም የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በሳምንቱ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ሄድሽ። ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ፣ ምነው ባላነበብሽ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልብስ አጣቢዋ አራት ክኒን ሲቀራት መጣች። በሩ ስለማይገጥም ከሥሩ ካርቶን ወተፍኩ፤ ጥያቄውን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾክኩላት። የሦስት ወር ክኒኗን በልብስ ጥቅል ውስጥ ሸጉጣ ወጣች። እኔ ግን ከውጭ የሰማ ሰው እንዳለ ብዬ ክፍሉን ዞሬ አየሁ። ለሚመጣው ሐሙስ ስድስት ሴቶች ተመዝግበዋል።

ይቅርታ ልለምንሽ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ እንዳነብልሽ ከፊቴ ትቀመጪ ነበር? የሴቶቹ ክኒን እያለቀ ነውና መልስሽ እስኪደርሰኝ አነብላቸዋለሁ። አልቀመጥም ካልሽኝ ግን ሌላ አንባቢ እፈልግላቸዋለሁ፤ አልቀየምሽም።

ሁሉን አውቆ ያገባሽን ባለቤትሽን እጅ ነስታለች በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ።

ታላቅ እህትሽ
ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን