የልብስ ቤታችንን ስም ጫጩት ቤት ላስገቡልን ክቡር ኃላፊ

ለድረ ገጽ ስሞች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ወገብዎን ሳያመው፣ ዓይንዎን ሳይጋርደው፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ ውለው እንዲያድሩ ከልቤ እመኛለሁ። ከመስኮት ቁጥር ሦስት ጀርባ ለተቀመጠችው የአበባ ተክልም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በተመላለስኩባቸው ሦስት ሳምንታት ውስጥ በዚያ ቢሮ አንድ ነገር ሠርታ ያየኋት እሷ ብቻ ናት፣ ሁለት ቅጠል ጨምራለች።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት መቀስ የያዝኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር ቢኖር መክደኛ እንዳለው ብቻ ነው። የምታውቀው የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ወላጆች ከቤታቸው ሳይወጡ የልጆቻቸውን ቁመት፣ ትከሻና ወገብ የሚሞሉበት መተግበሪያ ሠርታልኛለች። መተግበሪያው የሚኖረው ግን እኛ ሱቅ አይደለም፤ ክላውድ የሚሉት፣ የሰው ኮምፒውተር በኪራይ የሚገኝበት ቦታ ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች የሰጡን አድራሻ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ በጠቅላላው ሃምሳ ሁለት ሆሄ ነው። ልጄ ለአክስቷ በስልክ ልታነብላት ሞክራ ነበር፤ አክስቷ መሐል ላይ ምሳዋን በልታ ስትመለስ ገና አላለቀም።

ስለዚህ አጭር የሱቃችንን ስም እርስዎ ዘንድ አስመዘገብን። የቀረው ነገር "ይህን ስም የከፈተ ሰው ወደዚያ አድራሻ ይሂድ" የሚል አንድ መስመር እርስዎ መዝገብ ላይ መጻፍ ብቻ ነበር። አንድ መስመር፣ ክቡር ሆይ። እኔ ችኩሉ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ስሙን በመቶ አርባ ትንንሽ ጨርቆች ላይ ጠልፌ ጨረስኩ፤ በየኮሌታው ውስጥ ይሰፋሉ ብዬ።

መቶ አርባ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በአቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የመቶ አርባ ተማሪዎችን ዩኒፎርም እንድንሰፋ ሰጥታናለች፤ ነገር ግን የሁሉም ልኬት በመተግበሪያው ተሞልቶ ነገ ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልደረሳት ሥራው ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ በሕይወቱ ሁለት እጅጌው እኩል የሆነ ሸሚዝ ሰፍቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም፣ እሺ፣ በቅናትም ነው። ርዕሰ መምህርቷ ፊት ቆማ "እኔ እወጣዋለሁ" ያለችው ግን ልጄ ናት። እኔ ይህ ሥራ ቢቀርብኝ ሌላ አላጣም። እሷ አፍራ ያንን ኮምፒውተር ከድና ዳግመኛ እንዳትከፍተው ነው የምፈራው፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም እፈራለሁ።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ልጄ እንደምትለው በሌላው ዓለም ባለ ስሙ ይህን መስመር ራሱ ገብቶ ይሞላል። እርስዎ ግን ሰው በጣቱ እንዳይደክም አስበው በወረቀት ቅጽ፣ በሁለት ቅጂ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲሆን አድርገዋል። በቅጹ ላይ "የሚዞርበት አድራሻ" ለሚለው ሃያ ሳጥን ተሰጥቶናል። አድራሻችን ሃምሳ ሁለት ነው። የመስኮት ሦስት ባለሙያ ይህን ስነግራቸው ለአፍታ አሰቡና "የሚበቃውን ያህል ይጻፉ" አሉኝ። ጻፍኩ። እኔ በሙያዬ ጨርቅ ሲያንሰኝ ደንበኛውን አላሳጥርም፤ ለካ ይቻል ኖሯል፣ እድሜ ይስጥልኝ፣ በስተርጅና ተማርኩ።

ሁለተኛ። ቅጹ የመተግበሪያውን የቤት ቁጥር ጠይቆናል። ቤት የለውም አልን። ቤት የሌለው አይመዘገብም ተባልን። የተከራየ ነው አልን። እንግዲያው የአከራዩን የስምምነት ደብዳቤና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አምጡ ተባልን፤ የማን ፎቶግራፍ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈርቼ የራሴን ሰጠሁ። ፎቶዬ ዛሬም በመዝገብዎ ላይ እንደ መተግበሪያ ተለጥፎ ይገኛል። ልጄ ገጹ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚከፈት አሁን ገባኝ ብላ ስቃለች፤ በዚህ ሳምንት የሳቀችው እሱን ብቻ ስለሆነ ስለዚህኛው ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ሃያው ሆሄ ብቻውን ወደ የትም ስለማያደርስ ማሽንዎ አልቀበል አለ። እዚህ ላይ ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ስልክ ደውሎ ይጠይቀን ነበር። የእርስዎ ባለሙያ ግን ሊያስቸግረን አልፈለጉም፤ ከእኛ ቅጽ በታች የነበረውን ቅጽ አንስተው፣ እዚያ ላይ ያለውን፣ ማሽኑ አንዴ የተቀበለውን አድራሻ ለእኛም ጻፉልን። የታችኛው ቅጽ የጫጩት አርቢ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፤ ደስታዎን ማጉደል አልፈልግም። ልጄ ለወላጆቹ ሁሉ "ስሙን ክፈቱ፣ ቅጹን ሙሉ፣ መረከቢያ በሚለው ላይ ልብስ ቤቱን ጻፉ" የሚል መልእክት ልካ ነበር። ወላጆች ታዛዦች ናቸው። ከፈቱ። ስልካቸው ይህ ገጽ አያስተማምንም ብሎ ቢያስጠነቅቃቸውም ልብስ ሰፊውን እናውቀዋለን ብለው አለፉት። ቢጫ ቢጫ ጫጩቶች አዩ፤ ለሕፃናት ማስዋቢያ የተደረገ መሰላቸው፤ አንዲት እናት እንዲያውም እንዴት ያምራል ብላ አመስግናናለች። "ብዛት" የሚለው ላይ ወገብ ሞሉ። "ዕድሜ" የሚለው ላይ የልጃቸውን ዕድሜ ሞሉ። "ተጨማሪ ማስታወሻ" የሚለው ላይ ቁመቱን፣ ትከሻውንና "ቶሎ ስለሚያድግ ሰፋ ይበልልን" የሚለውን ጻፉ።

ጫጩት አርቢው እንግዲህ በአንድ ጠዋት ሃምሳ ስድስት ጫጩት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ጫጩት፣ ስልሳ አንድ ጫጩት የሚል ትእዛዝ ሲዘንብለት ደስታው ወሰን አጣ። ቶሎ ስለሚያድግ ሰፋ ይበል የሚለውን አንብቦ ትልልቅ ካርቶን ገዛ። ከዚያም የደረሱለትን አምስት መቶ ጫጩቶች በመኪና ጭኖ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። እኔ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየለካሁ ነበር፤ ሙሽራዋም ከነእናቷ እዚያው ነበሩ። ከካርቶኖቹ ጋር የገባው ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሦስት ጫጩቶች አምልጠው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ አንደኛው እስከ ማግስቱ ድረስ በክር ሳጥን ውስጥ ነበር። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ተመለከተ።

ሰውየው ሊቆጣ ይገባው ነበር። አልተቆጣም። ነገሩ ሲገባው ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ጫጩቶቹን ይዞ ሄደ፤ በማግስቱ በእግሩ ተመልሶ መጣ። በእጁ ባለ መስመር ደብተር ይዞ ነበር። እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጅ ጽሑፉ ገልብጦልናል፣ ስም በስም፣ ቁመት፣ ትከሻ፣ ወገብ። ልጄ ደብተሩን ተቀብላ አለቀሰች። እኔም መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው መስዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አዲስ የመጣ ካለ ደውሎ ያነብልናል፤ ልጄም ወደ መተግበሪያው ታስገባለች፤ እስከ ዛሬ ሰማንያ ስድስት ልጆች ሆነዋል። ጽሕፈት ቤትዎ በሦስት ሳምንት ያልሠራውን አንድ ጫጩት አርቢ በአንድ ደብተር ሠርቶታል።

አራተኛ። በሄድኩ ቁጥር "አርባ ስምንት ሰዓት ይጠብቁ" እባላለሁ። ልጄ ስሙ በየአገሩ እስኪዳረስ በእርግጥ ጥቂት ጊዜ እንደሚወስድ ነግራኛለች፤ አልካድኩም። ነገር ግን ቅጹ ገና ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እያለ፣ ከቅጹም በላይ ብርጭቆ ተቀምጦበት እያለ፣ የሚዳረሰው ምኑ ነው? ስምንት ጊዜ አርባ ስምንት ሰዓት ጠብቄያለሁ። የቀረውን እርስዎ ያባዙት።

አምስተኛ። ስህተቱን ለማረም ያስገባነው ቅጽ አራት ጊዜ "ናሙናውን አልተከተለም" ተብሎ ተመልሷል። ናሙናው ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው ነው፤ በስም ቦታ ላይ የተጻፈው የጽሕፈት ቤትዎ የራሱ የድረ ገጽ ስም ነው። እኔ በዚያ ቦታ የራሴን ሱቅ ስም ስጽፍ "ናሙናው እንዳለ፣ ሳይዛነፍ ይገልበጥ" ተባልኩ። እንዳለ? አልኩ። እንዳለ አሉ። ሰው ያዘዘውን መስፋት ሙያዬ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አምስተኛውን ቅጽ ሳይዛነፍ ገለበጥኩ፤ በስም ቦታ የጽሕፈት ቤትዎን ስም፣ ባለሙያው በትብብር ባስለጠፉልኝ ተጨማሪ ወረቀት ላይ ደግሞ የእኛን ሃምሳ ሁለት ሆሄ ሙሉውን። ልጄም ቅጹ ዘጠነኛ መስመር ላይ "በሁለቱም ወገን ያለው ስም አንድ መሆን አለበት" ስለሚል ክላውዱ ላይ ያንኑ ስም ሞላች። ማህተም ተመታበት። ማህተሙ እንዴት ደስ የሚል ድምፅ እንዳለው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ባለሙያው ቀና ብለው "አሁን ገና ትክክል ሞሉ፤ አርባ ስምንት ሰዓት ይጠብቁ" አሉኝ።

እነሆ ዛሬ ሐሙስ ነው። ሃምሳ አራት ልጆች ልኬታቸው አልመጣም፤ ወላጆቻቸው ጫጩቶቹን አይተው ተጠራጥረዋልና አልፈርድባቸውም። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታያለች። ከክብርዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያቺ አንድ መስመር ትጻፍልን። ባይቻል እንኳን ቅጹ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንሱልኝ።

ላደረጉልንና ላላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉልን፣ ቤተሰቤ፣ ጫጩት አርቢው፣ ሙሽራዋና እናቷ በአንድነት እጅ እየነሳን፣ ወንበርዎ ሳይርቅዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እንመኛለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ ላይ መተግበሪያ ሆኖ ፎቶው የተለጠፈው
ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ። ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤውን ሳላሽገው አደርኩ፤ እንኳንም አደርኩ። የእኛ ስም አሁንም ጫጩት ቤት ነው። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስም ግን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የእኛን መተግበሪያ ይከፍታል፤ እንዴት ፈጣን ነው፣ ገጹ አስተማማኝ ለመሆኑ ምልክት የሆነው ቁልፍም ሳይቀር ተቆልፎ ይታያል። ልጄ ለቀሩት ወላጆች በጽሕፈት ቤትዎ ስም እንዲገቡ ነገረቻቸው፤ የመንግሥት ነው ብለው አምነው ሃምሳ አራቱም ሞልተዋል። ዝርዝሩን አሁን ለርዕሰ መምህርቷ አስረክባ መጣች፤ ሥራው የእኛ ነው፤ ልጄ እንደ ልጅነቷ እየዘለለች ነው። ከልኬቶቹ ጋር እርስዎን ፈልገው የገቡ ሰዎች በጽሕፈት ቤትዎ ላይ ያቀረቧቸው ሠላሳ አንድ አቤቱታዎች "ሌላ ማስታወሻ" በሚለው ቦታ ደርሰውናል፤ አራተኛው የምክትልዎ ነው። ሁሉንም በአክብሮት አንብበን አርባ ስምንት ሰዓት እንዲጠብቁ መልሰንላቸዋል። ስምዎን መልሰው ከፈለጉ ቅጹ እኛ ዘንድ ይገኛል፤ ሃያ ሳጥን አለው፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ።