ቢላዋዬ ተመለሰልኝ

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ትናንት ጎመን ስከትፍ ቢላዋው አዳልጦ ጣቴን ቆረጠኝ። ልጄ ደሙን ሲያይ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቢላዋ እንዳትነኪ» ብሎ ቆጥ ላይ ሰቀለብኝ። ከቁስሉ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ዛሬ እሱ ሲወጣ ምራቴ አወረደችው። «እማማ፣ የቆረጠዎት እርጅናዎ ሳይሆን የዶለዶመው ስለት ነው» አለችኝ። በድንጋይ ከሳለችው በኋላ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ምሰሶው ላይ አስራ፣ ወጥራ ይዛ ስለቱ እንዲለሰልስ ቢላዋውን ታፋትግበት ጀመር።

«ስለቱን አታስቀድሚ! ቆዳውን ልትበጥሺው ነው፤ የቢላዋውን ጀርባ አስቀድመሽ ሳቢው» ብዬ ጮኽሁባት።

«ለቁጣስ አላረጁም!» ብላ ሳቀች። እንዳልኋት እያገላበጠች ሳበችው፤ እጀታውን ወደ እኔ አዙራ ሰጠችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ልጄ ለምሳ ሲገባ ጎመን እየከተፍሁ አገኘኝ። እሷን አየ፣ እኔን አየ። «ቃሪያም ጨምሪበት» ብሎ ተቀመጠ።