ወደ ኋላ የዞረው ሲሊንደር

ውድ ዋለልኝ፣

ዛሬ ጠዋት ወንዙ አልነበረም። ከሆቴላችን የላይኛው ፎቅ መጋረጃ ስከፍት ፖቶማክ በጉም ተውጧል፤ ድልድዩ ከግማሹ ጀምሮ ጠፍቶ መኪኖቹ ከነመብራታቸው ወደ ነጭ ነገር ውስጥ ይገባሉ። የማነጥፈውን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አንተ የመሣሪያ መጠገኛ ሱቅ፣ የምመጣው በዚያ ድልድይ ላይ ነበር። አሁን ሱቁ የሌላ ሰው ነው፤ አንተም ሞንታና ተራራ ሥር ነህ። የጠየቅከኝን ሳልመልስልህ ቅጠሉ ረገፈ። ዛሬ ልመልስልህ ነው፤ ግን እንደ ልማዴ ዞሬ ዞሬ ነው የምደርሰው፣ ታገሠኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ? የተቆለፈውን ሣጥን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬ፣ «የባለቤቴ ሽጉጥ ነው፤ ሞቷል» አልኩህ።

«ሽጉጡ?» አልከኝ፣ ምርመራ እንደሚጀምር ሐኪም ኮስተር ብለህ።

ከዚያ ገባህና ፊትህ ቀላ። እኔ ሳቅሁ። በፈቃዱን ከቀበርኩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

አጽድተህልኝ ልሸጠው ነበር ሐሳቤ። ለምን ልሸጠው እንደፈለግሁ ግን ሙሉውን አልነገርኩህም።

በፈቃዱ ኤርፖርት ታክሲ ነበር የሚነዳው። ሰው እሑድ ከሰዓት ኳስ ሲያይ ወይ ሲተኛ፣ እሱ ያንን ማግነም የሚባለውን ትልቅ ሽጉጥ ይዞ ከከተማ ርቆ ወደ ተራራው ይሄዳል። እዚያ የብረት በጎች አሉ። ከሩቅ ሆነው የሚተኩሱባቸው፣ ሲመቱ የሚወድቁ፣ መልሰው የሚያቆሟቸው። ወፍ እንኳ ገድሎ የማያውቅ ሰው በብረት በግ ፍቅር ወደቀ ብዬ እቀልድበት ነበር። አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። ከሁሉ የምወደው ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ? በጉ መጀመሪያ ያለ ድምፅ ይወድቃል። ድምፁ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ እንደ ሌላ አገር ደወል። በዚያች መሃል፣ በጉ ወድቆ ድምፁ ሳይደርስ፣ ዓለም ትንፋሿን የያዘች ይመስለኝ ነበር።

ሽጉጡ ስድስት ጥይት ነው የሚይዘው፤ አንድ ውድድር ላይ አምስት ለአምስት በግ አጎረሰ፣ አንዱ ቤት ባዶ ቀረ። አራተኛው ላይ ምላጩን ሲስብ «ቀጭ» ብቻ አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። «ጋሼ በፈቃዱ፣ ባዶውን ቤት ከፊት አደረጉት እንዴ? ዕድሜ መጣ!» አሉት። አብሯቸው ሳቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ደገመው። ያኔ አልሳቀም።

አባቱ የልጆቹን ስም ረስቶ ነው የሞተው። በፈቃዱ ከዚያ «ቀጭ» በኋላ ራሱን ይጠብቅ ጀመር። ምድጃ ያጠፋል፣ ተመልሶ ያያል። መኪና ይቆልፋል፣ ከደረጃው ይመለሳል። ሐኪሙ ደህና ነህ ቢለው አላመነም። «ጥይቱን በእጄ አጉርሼ በእጄ እረሳዋለሁ፤ ነገ መንገደኛ ጭኜስ?» አለኝ። ልጃችን ርብቃ ሰማች። ፈርታለት ነው፤ አንድ ቅዳሜ መጥታ፣ «ዳዲ፣ የታክሲውን ቁልፍ እኔ ጋ ላድርገው፣ ፕሊስ» አለችው። አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ከዚያ በኋላ መስኮት ሥር ነበር ወንበሩ። በረዶ በጣለ ሰሞን ልቡ ቆመ። እንግዲህ ያንን ሽጉጥ ቤቴ ውስጥ ለማቆየት እንዴት ይቻለኝ?

ልወስደው ስመጣ ግን፣ «እመቤቴ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ነገር ልይልዎት» አልከኝ። ከኋላ ክፍል፣ አሸዋ የሞላው በርሜል አጠገብ ጆሮዬን ሸፈንክልኝ። ጥይቶቹ የሚያድሩበትን ክብ፣ ሲሊንደሩን፣ ከላይ በኩል በጠመኔ ምልክት አደረግህ። ተኮስክ። ምንም የለም። ደግመህ ምልክት አድርገህ ተኮስክ፣ ምልክቱ አሁንም ከላይ ነው። ሦስተኛው ላይ አንገትህን ደፍተህ ቆየህ፤ ከዚያ በጣትህ ጠራኸኝ። የጠመኔው ምልክት ከቦታው ሸሽቷል።

«ወደ ኋላ ዞረ» አልከኝ። «ከባድ ጥይት ሲተኮስበት ንውጽውጽታው ሲሊንደሩን የምትቆልፈውን ትንሽ ምላስ ያስለቅቃታል። አሁን ምላጩን ይሳቡት።»

ሳብኩት። የተተኮሰው ቀለህ ተመልሶ መጣ። ቀጭ አለ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ዋለልኝ። አንድ ሙሉ ዓመት ከባሌ ጋር በአንድ አልጋ ያደረ ድምፅ ነው።

«ያጎረሰው ሰው ረስቶ ቢሆንስ?» አልኩህ።

«የረሳ ሰው የለም» አልከኝ። «እንዲህ ያለውን ደብረ ዘይት መሣሪያ ጥገና ሳለሁም አላየሁ፤ እዚህ ነው የተማርኩት። የድሮዎቹ ትልልቅ ማግነሞች ይሄ አመል ነበረባቸው። እሳቸው ምንም አልረሱም።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። አንተም ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ አጠገቤ ተቀመጥክ። ለርብቃ የደወልኩት ከመኪና ማቆሚያው ነው። ነገርኳት። በሕፃን ድምፅ፣ «ሶ... ሂ ወዝ ፋይን?» አለችኝ። «አዎ ልጄ፣ ደህና ነበር» አልኳት። ሁለታችንም የተለቃቀስነው ለቀብሩ ካለቀስነው ይበልጣል። ለቀብሩ ያለቀስነው ለሚረሳ ሰው ነበራ።

ልጠግነው ስትለኝ ግን ተቆጣሁህ። «የእሱን ነገር አትንካብኝ!» ብዬ ጮህኩብህ። አልተቀየምክም። አዲሱን ሲሊንደር አውጥተህ ከአሮጌው ጎን አስቀመጥክና ምላሷ የምትገባባቸውን ጎድጓዶች በጣቴ አስዳሰስከኝ። የአዲሱ ረዘም፣ ጠለቅ ያሉ ነበሩ። እንደ በፈቃዱ ያሉ ተኳሾች ሽጉጦቹን በከባድ ጥይት እያላሉ ሲመልሷቸው ፋብሪካው ራሱ ነው በኋላ እንዲህ አጠንክሮ የሠራቸው አልከኝ። ሲሊንደሩን የሚሸከመውን ክንድም እንዳይላላ አጠንክረውታል።

«የእሳቸውን ነገር አልቀይርም፤ እሳቸው ይገባቸው የነበረውን ነው የማደርግለት» አልከኝ።

እንግዲህ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እስኪያልቅ በየሳምንቱ መምጣቴ ለሽጉጡ ብቻ እንዳልነበረ አንተም ታውቃለህ። ብረቱን ስትሞርድ ዝም ብዬ አይሃለሁ። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የብረቱን ብናኝ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል፤ የማወራ ይመስለኝና ለካ ሳላወራ ሰዓቱ ይሄዳል። መቼ «አንቺ» ማለት እንደጀመርክ ሁለታችንም አናውቅም።

ተራራው ላይ የወሰድከኝ ቀን አምስት አጎረስኩ። እጄ ዛለ፣ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። በጎቹ አንዳቸውም አልወደቁም፤ ሣር የሚግጡ ይመስል ቆመው አዩኝ። አምስቱም ጥይቶች ግን ጮኹ። «ቀጭ» የለም። አምስተኛው ሸለቆውን ሞልቶ ሲመለስ በፈቃዱ ከኋላዬ ሆኖ ሲስቅ የሰማሁት መሰለኝ፤ ዞሬ ሳይ አንተ ነበርክ፣ ኮፍያህን አውልቀህ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅከኝ። «ሞንታና ሥራ አግኝቻለሁ፤ አገሩ ሰፊ ነው። አብረሽኝ ነይ፣ ባዩሽ» አልከኝ። መልስ አልሰጠሁህም። የከተማውን ቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌይን፣ አልፈን በሬ ላይ አወረድከኝ፤ በግንቦት ሄድክ።

ዝም ያልኩት ስላልወደድኩህ አይደለም። ፈራሁ። የባሌን ልቡና የመለሰልኝን ሰው ነው የምወደው፣ ወይስ ዋለልኝን? ውለታ ፍቅር መስሎ ይመጣል፤ ሴት ልጅ ሳታውቀው ታገባዋለች። ስለዚህ ጠበቅሁ። ምስጋናው እስኪሰክን ጠበቅሁ። ሰከነ። አንተ ግን ከልቤ አልሄድክም። ሊፍት ውስጥ ትመጣለህ፤ ትራስ ልብስ ስቀይር ትመጣለህ፤ ቅድም ደግሞ ጉሙን ሳይ፣ «ይሄንን ዋለልኝ ቢያየው ምን ይል ነበር?» አልኩ እንጂ በፈቃዱ ትዝ አላለኝም። ይቅር ይለኛል፤ ቀልድ ይወድ ነበር።

ሽጉጡን ርብቃ ወሰደችው። አባቷ የተኮሰበት ቦታ እሑድ እሑድ ትሄዳለች፤ እስካሁን አንድ በግ ጥላለች። «ማሚ፣ ጀስት ጎ፣ ሂጂ በቃ» ትለኛለች በየቀኑ። እንግዲህ የሚጠገን ነገር ይዤልህ አልመጣም። ባዶ እጄን ነው የምመጣው።

የሆቴሉን ሥራ ለቅቄያለሁ፤ የዛሬው የመጨረሻዬ ነበር። አውሮፕላኑ ሐሙስ ከሰዓት ያርፋል። አሁንም የምትፈልገኝ ከሆነ መጥተህ ተቀበለኝ፤ ሐሳብህን ቀይረህም ከሆነ ና፣ ቆመን እንሳሳቅና እመለሳለሁ። ብቻ ወፍራም ካልሲ ይዘህልኝ ና፤ እዚያ በረዶው ጀምሯል አሉ፣ የእኔ እግር ደግሞ ብርድ አይችልም።

እስከ ሐሙስ ደህና ሁንልኝ።

ባዩሽ
ከአሌክሳንድሪያ