ከቆሻሻ መጣያ የተመለሰው ገመድ

ለምወድዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ተሻለው? እማዬ እንዴት ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? ታናሽ እህቴስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

የሥራሽን ነገር ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው እንጎትታለን። ደንበኛው እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ መሳይ ነገር አጥልቆ፣ የገመዱን እጀታ ጨብጦ ውኃው ላይ ቆሞ ይንሸራተታል። እኔ ጀርባዬን ለነጂው ሰጥቼ ደንበኛውን እየጠበቅሁ እቀመጣለሁ፤ ሲወድቅ ጀልባውን አስቆማለሁ። የሚነዳው ባለቤቱ ነው። ካፒቴን በሉኝ ይላል። ማዶ የተሰጣ ልብስ ከዚህ ሆኖ በሚቆጠርበት ሐይቅ ላይ ነው እንግዲህ ካፒቴንነቱ። ኮፍያውን ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቅም።

ባለፈው ወር ገመዱን ፀሐይ በልቶት ነጣ፤ ደረቀ፤ ጸጉር አወጣ። ይቀየር አልኩት። ይህ ሊቅ ሄዶ መርከብ የሚታሰርበት፣ ክንድ የሚያህል ገመድ ገዝቶ መጣ። ወፍራም ነው፣ ምን ይበጥሰዋል አለኝ። የውፍረት ጉዳይ አይደለም፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ብዙ የማይለጠጥ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሆን አለበት፤ የሚለጠጥ ከሆነ ሰው ሲለቀው ተወርውሮ ጀልባው ላይ ይመጣል ብዬ አስረዳሁት። ገመድ የሴት ጉዳይ አይደለም አለ። የወንድ ጉዳይ የሆነው ገመድ በመጀመሪያው ቀን ሰጠመና ሞተሩ ላይ ተጠመጠመ። አንድ ዓሣ አጥማጅ እየቀዘፈ ጎትቶ ዳር አወጣን። ካፒቴን ኮፍያውን አስተካክሎ ለዓሣ አጥማጁ በጣቱ አቅጣጫ ያሳየው ነበር።

አሮጌውን ገመድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥዬው ነበር። በነጋታው ታጥቦ፣ ተሰቅሎ አገኘሁት። እሑድ እሑድ የማትቀር አንዲት ነርስ ደንበኛ አለችን፤ እሷን ስንጎትት መሀሉ ላይ ተበጠሰ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ካፒቴን ቋጥሪው አለኝ፤ ቋጠርኩት። እርስዎ የጭነት መኪና ላይ ሸራ ሲያስሩ ያስተማሩኝን ቋጠሮ ነው የቋጠርኩት፤ ኮርቼበትም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ቋጠሮው አልተፈታም፤ ገመዱ ከቋጠሮው አጠገብ ተበጠሰና እንደ ጅራፍ ተመልሶ ጉንጬን ሰነጠቀኝ። ዓይኔን የሳተው በሁለት ጣት ነው።

ነርሷ ውኃው ውስጥ ትጠብቃለች። እኔ ደሜን ሳልጠርግ ካፒቴን እንደገና ቋጥሪው አለኝ።

«እሺ፣ እቋጥራለሁ» አልኩት። «ግን እኔ ልንዳ፣ አንተ ወንበሬ ላይ ተቀመጥ።»

ገመዱን አየ፤ ወንበሩን አየ። ስልክ ልደውል ነው አለና ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ስልኩ ዳር ላይ ነበር የቀረው። እኔ ደንቆሮ ነው ብዬ ስንቀው ኖሬ፣ ለካ ሰውየው ሁሉንም ያውቅ ኖሯል፤ የእኔና የነርሷ ዓይን ረክሶበት ነው እንጂ። ደንቆሮ ቢሆን ይሻለው ነበር። ነርሷን እጇን ይዤ ወደ ጀልባው አወጣኋት። ከዚያ ቢላዋ አንስቼ፣ ገመዱ ዳግመኛ ከመጣያ እንዳይመለስ ክንድ ክንድ አድርጌ ቆራረጥኩት። ዳር እንደደረስን አባረረኝ።

በሦስተኛው ቀን ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲያጣ ደወለ። ገመዱን እኔ ልምረጥ፣ ይጣል ያልኩ ቀንም ይጣል አልኩት። እየተነጫነጨ ተስማማ። ለስንት ሰው መጎተቻ እንደሆነ የተጻፈበት፣ ጫፉ ላይ ፋብሪካ የሠራው ቀለበት ያለው፣ ቋጠሮ የማያሻው ገመድ መረጥኩ። አሁን ካፒቴን ለአዳዲስ ደንበኞች ከሁሉ በፊት ደኅንነት እያለ ይሰብካል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ማለት ይኸው ነው።

ግን አባባ፣ እሱን ብቻ ንቄ ደብዳቤዬን ብዘጋ ዋሸሁ ማለት ነው። ያረጀ ገመድ በቋጠሮ አይድንም ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነበሩ። ቋጠሮዎን ይዤ ምክርዎን ተውኩት። ያን ዕለት ነርሷ ጉንጬን እያከመችልኝ አተረፍሽኝ ብላ መረቀችኝ። የቋጠርኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። የፊታችን እሑድ ገመዱን ከመያዟ በፊት እነግራታለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ደብዳቤውን ሲያነቡላት የጉንጬን ነገር ይዝለሉት። ታናሽ እህቴን፣ በርቺ ብላሻለች በሏት። አክስቴንና የአጎቴን ልጆች አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ

ከሐይቁ ዳር፣ ከኪራይ ክፍሌ
ሚያዝያ 12 ቀን