ሥራ ፈቱ ጎረቤት

ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ፣ መስከረም 2007

ለሰሊጥ ማሳው ጓዴ ለባንታምላክ፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ኑሮ ደልቶኛል። የካናዳ ኩባንያ ዳጎስ ያለ ደመወዝ እየከፈለኝ፣ እኔ እዚህ ቤቴ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን ነጭ ጀላቢያዬን ለብሼ በኮምፒውተር እሠራለሁ። ችግሩ ጎረቤቴ ማዳም ኦዴት ናቸው። ቀትር ላይ በር ስከፍትላቸው የሌሊት ልብሱን ያላወለቀ ሥራ ፈት መሰልኳቸውና ሾርባ ያመላልሱልኝ ጀመር። «ሥራ አለኝ፤ ደመወዜም ጥሩ ነው» አልኳቸው። እኛ ገዳሪፍ «ቪዛዬ ደርሷል» እያለ ዓመት የሚቀመጠውን ሰው እንደምናየው አዩኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ሾርባው ግን ይጣፍጣል፤ ምን ልዋሽህ።

ትናንት ደስ ብሏቸው መጡ። ገበሬ የሆነውን የወንድማቸውን ልጅ ለምነው ሥራ አግኝተውልኛል፤ ወይን ለቀማ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳየው እምቢ ማለት አቃተኝ። ወላሂ፣ ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ ያመለጥኩት ሰውዬ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማሳ ልወርድ ነው።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሸጊቱንና ልጆቹን ሳምልኝ። አንተ ዘንድሮም አጨዳ ስለማይቀርልህ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ወገባችንን በጨርቅ የምናስረው ከጠዋቱ ነበር ወይስ ካመመን በኋላ?

ጋረደው