ያላቃጠልኩት ካሴት

ለምወድሽ እታለሜ፣

ሰላምታዬ ከትሪፖሊ ተነስቶ ባሕሩን ዳር ዳር ይዞ ቱኒዚያ ስፋክስ ድረስ ይድረስሽ። አንቺ፣ ባልሽ ሙንሲፍና ልጆቹ እንዴት ናችሁ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ስኳሬ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። ጽሕፈቱ የምራቴ የሩወይዳ ነው። እጄ ሰንፎ ነው ብለሽ እለፊኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልኬን አላነሳሽም፤ አልፈርድብሽም። በእናታችን ለቅሶ በሦስተኛው ቀን፣ የሠርግሽን የሴቶች ድግስ የቪዲዮ ካሴት አቃጥዬዋለሁ ብዬ ለአክስቶቻችን ስነግራቸው ሰማሽኝ። «እናቴን ሁለቴ ቀበርሽብኝ» ብለሽ ወጣሽ። እውነትሽን ነው፤ እማዬ ከዚያ ካሴት ሌላ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም።

እታለሜ፣ አላቃጠልኩትም።

እማዬ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ፀጉሬን ፈትቼ የጨፈርኩበትን ካሴት የወንድ ዓይን ሳያየው አቃጥይልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሦስት ጊዜ ክብሪት ጫርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አክስቶቻችን ሲያፋጥጡኝ ዋሸሁ፤ ውሸቱ አንቺንም ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ እፍረት አፌን ያዘው። ካሴቱ በእማዬ ሻሽ ተጠቅልሎ ከዱቄት ጣሳው ኋላ ተቀመጠ።

ባለፈው ወር ሩወይዳ ጓዳውን ስታጸዳ አገኘችው። «ኸረ እማማ፣ ይሄ ነገር ሻግቷል!» ብላ ጮኸች። የባሕሩ እርጥበት በልቶታል። የሴቶችን ካሴት ወደ ዲስክ ትገለብጥ የነበረችው ሴትዮ ደግሞ ማልታ ገብታለች። የቀረው ከደረጃችን ሥር የቪዲዮ ሱቅ ያለው ባለሙያ ኡስታ ምፍታሕ ነው፤ እሱም ወንድ። ባስገለብጠው የእማዬን ቃል ላፈርስ፣ ብተወው አንቺን እስከወዲያኛው ላጣ፤ ሁለት ሳምንት ተብሰለሰልኩ።

በመጨረሻ ግድግዳውን ይዤ አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ወረድኩና የካሴቱን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ሐጃ፣ የዚህን ሰፈር ሙሽሮች በሙሉ የገለበጥኩ ሰው ነኝ፤ አንዷንም አላውቃት!» አለኝ። ለሴቶች ካሴት አሠራሩ ሌላ ነው ለካ። ሻጋታውን ጠርጎ ማሽኑን ካስነሳ በኋላ መጋረጃ ስቦ፣ ደጅ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑን የምትጠብቀው ባለካሴቷ ናት። ምስሉ ከተበላሸ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ትሸፍንና ትጠራዋለች። ድምፁንም እንዳይሰማ ለእኔ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። ሩወይዳ አብሬሽ ልውረድ ብላኝ ነበር፤ ከአንቺ በፊት ማንም አያየውም ብዬ ከለከልኳት።

እማዬን ሰማኋት፣ እታለሜ! እልልታዋን ሰማሁ። ባለካሜራዋን፣ «ዞር በይ አንቺ! ሙሽራዋ እዚያ ናት፣ እኔን አሮጊቷን ምን ታደርጊኛለሽ?» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ ከበሮው ተመታ፤ ሴቶቹ ስሟን እየጠሩ አጨበጨቡላት። አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ አለቀስኩ። ኡስታ ምፍታሕ ከደጅ ሆኖ በየመሃሉ ይጮህብኛል፦ «ሐጃ፣ ምስሉ ጥርት ብሏል? መስመር የለውም?»

«ጥርት ብሏል!» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

ካሴቱ የተገለበጠባቸውን ሁለት ዲስኮች፣ ሕመምተኛ ወደ ስፋክስ በሚያመላልሰው ታክሲ ልኬልሻለሁ። እማዬን ግን አላሳፈርኳትም። ወንድ ቀርቶ የሴት ዓይንም አላየው፤ የመጀመሪያው ያንቺ ነው።

አላህ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እኔንም ከልብሽ መልሶ ያስገባኝ። ምስሉ መስመር በመስመር ሆኖ ካገኘሽው ይቅር በዪኝ። ደህና ከሆነ ግን ደውዪልኝና፣ እማዬ ያን ቀን የታጠቀችው መቀነት አረንጓዴ ነበር ወይስ ቀይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር እኮ፤ ስኳሩ ግን ዓይኔን ቀድሞ ወስዶታል።

ታናሽ እህትሽ